የውሻ ልብ መተለቁን ከደረት ራጅ ላይ እንዴት እንደምንለካ

መሀል አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ በምንሠራበት ክሊኒክ ለደረት ራጅ በብዛት የሚመጡልን ሲያስሉ የሚያድሩ ያረጁ ትናንሽ የቤት ውሾችና ቶሎ መድከም የጀመሩ የግቢ ጠባቂዎች ናቸው። ልካቸውን ማውጣት ቀላል ነው፤ ፈተናው አነሣሱ ላይ ነው። ራጁ ከተበላሸ የጤነኛ ውሻ ልብም የተለቀ ይመስላል።

ሁልጊዜ በቀኝ ጎን እናስተኛለን። ግራና ቀኙ እኩል ልክ ስለማይሰጡ፣ እየቀያየሩ ማንሳት በኋላ ማወዳደር ይከለክላል። የፊት እግሮቹን ወደፊት እንስባለን፤ ካልተሳቡ የክንዱ ጡንቻ የልቡን የፊት ጠርዝ ይሸፍነዋል። ደረተ ጠባብ ውሻ ሲተኛ ፍርምባው ወደ ጠረጴዛው ይወድቃል፣ ስለዚህ ፍርምባና አከርካሪ እኩል ከፍታ ላይ እስኪሆኑ ድረስ ከሥሩ ስፖንጅ እናስገባለን። የራጅ ማሽኑ ቱቦ ከፊልሙ 100 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፣ ጨረሩ ከትከሻ አጥንቱ የኋላ ጠርዝ ላይ ያርፋል። ለኬቪ (የጨረሩን ኃይል ለሚወስነው ቮልቴጅ) የደረቱን ውፍረት በሴንቲ ሜትር ለክተን በ2 እናባዛና 40 እንጨምራለን፤ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 70 ይመጣል። ጊዜው ከ0.02 ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል፣ አለዚያ ትንፋሹ ምስሉን ያደበዝዘዋል። መብራት ሲዋዥቅ ማሽኑ የተሞላለትን ኬቪ ስለማያወጣ ፊልሙ ይነጣል፤ ስታቢላይዘር የሌለው ሰው ቁጥሩን ከፍ እያደረገ ከመሞከር ይልቅ ቢጠብቅ ይሻለዋል።

ቁልፉ የሚጫነው ሳንባው አየር በሞላበት ቅጽበት ነው። ትንፋሽ ሲወጣ ልብ ከፍርምባው ጋር ሰፋ አድርጎ ይነካካል፣ ሳንባውም ስለሚነጣ በውኃ የተሞላ ይመስላል። ለማደንዘዝ ዛይላዚን አንሰጥም። የልብ ምትን ስለሚያዘገይ ልቡን በራጅ ላይ ሊያተልቀው ይችላል፣ ለታመመ ልብም አደጋ ነው። የሚያጣጥር ውሻ ደግሞ ጨርሶ በጎኑ አይተኛም። ኦክስጅንና ፉሮሰማይድ (በሽንት ውኃ የሚያስወጣ መድኃኒት) ይቅደም፣ ከዚያ በደረቱ እንደተጋደመ ከላይ አንድ ምስል ይነሣ።

መለኪያው የእንስሳት ሐኪሞቹ ቡካነንና ቡሸለር በ1995 ያወጡት፣ ልቡን በአከርካሪ ቁጥር የሚለካ ዘዴ ነው። የአየር ቧንቧው ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ የታችኛው ጠርዝ እስከ ልቡ ጫፍ አንድ መስመር፣ ልቡ በጣም በሰፋበት ቦታ ደግሞ ለመጀመሪያው ቀጤ ነክ የሆነ ሌላ መስመር እናሰምራለን። ኮምፒውተር ከሌለ የወረቀት ጠርዝና እርሳስ ይበቃል። ሁለቱን ርዝመቶች ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርገን ከአራተኛው የደረት አከርካሪ የፊት ጠርዝ ጀምረን ወደኋላ እናስኬዳለን፣ ስንት አከርካሪ እንደሚሸፍኑም እስከ 0.1 እንቆጥራለን። ረጅሙ 5.9 አጭሩ 5.3 ከሆነ ድምሩ 11.2 ነው። አራተኛውን ስናገኝ ከመጀመሪያው ጎድንም ከአሥራ ሦስተኛውም እንቆጥራለን፤ የጎድናቸው ቁጥር የሚጎድል ውሾች አሉ።

የብዙ ጤነኛ ውሾች ልክ 9.7 አከርካሪ ገደማ ነው፤ 10.5 የላይኛው ወሰን ተብሎ ይወሰዳል። ይህን ወሰን ግን ለሁሉም ዝርያ ማዋል አይቻልም። ቦክሰርና ላብራዶር ጤነኛ ሆነው ከ10.5 ያልፋሉ። የቡልዶግና የፐግ አከርካሪ አንዳንዴ የተጣመመ ወይም ግማሽ ስለሚሆን መለኪያው ራሱ ይዛባል። በወፍራም ውሻ የልብ ሽፋን ላይ የሚጠራቀም ስብም ጥላውን ያሰፋዋል። ልቡ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ ከታየ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ልብ ሽፋን ውኃ መዞር አለበት።

እዚህ አገር የማይዘነጋው ሌላው ነገር ስፓይሮሰርካ የተባለው ትል ነው። ትሉ በምግብ ቧንቧ ውስጥ የሚፈጥረው እብጠት ከልቡ በላይና ከኋላ ስለሚታይ የተለቀ የልብ ግራ የላይኛው ክፍል ሊመስል ይችላል። የሚለየው በደረት አከርካሪዎች የታችኛው ጠርዝ ላይ የሚታየው ሻካራ የአጥንት እድገት ነው። ጥንዚዛ እየለቀመ የሚበላ፣ ከግቢ የሚወጣ ውሻ ላይ ሁልጊዜ እዚያ እናያለን።

ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ካለ 10.5 ሲያልፍ በእሱ እናረጋግጣለን። ከሌለ፣ የልብ ቫልቭ በሽታና ጉልህ የልብ ድምፅ ባለበት ትንሽ ውሻ 11.5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ፒሞቤንዳን የተባለውን የልብ መድኃኒት እንጀምራለን፤ ይህ ከ2019 የባለሙያዎች መመሪያ ጋር ይሄዳል። ትላልቅ ዝርያዎች ላይ ግን መደበኛ ቁጥር አያጽናናም፤ በልብ ጡንቻ ድካም የተያዘ ዶበርማን ለረጅም ጊዜ ጥሩ ራጅ ሊያሳይ ይችላል።

ፊልሙ ላይ ቀን፣ ክብደት፣ ጎንና ኬቪ ይጻፋል፤ ቀጣዩ ራጅም በዚያው ልክ ይነሣል። 10.4 የነበረ 11.0 ሲሆን ለውጡ ከወሰኑ ይልቅ ይናገራል። ለባለቤቱም «ጋሼ፣ ጥልቅ እንቅልፍ ሲወስደው ትንፋሹን በደቂቃ ይቁጠሩልኝ፤ ከ30 ካለፈ ሳያድሩ ይዘውት ይምጡ» እንላለን።