የመተሐራው ጥቁር ድንጋይ፦ ሦስተኛ ጉዞ

ሰላም ለሁላችሁ፣ የደረስኩበትን እየጻፍኩ አካፍላለሁ ብዬ ነበር ግን ዘገየሁ። መልክዓ ምድር ማንበብ መማር ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አሁንም ከመተሐራ አልወጣሁም። ድሬ የሄደ ሰው ቦታውን ያውቀዋል፣ ከአዲስ አበባ መጥታችሁ ከተማዋ ልትገቡ ስትሉ በሰቃ ሐይቅ ጋ አስፋልቱ ግራና ቀኙ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ይሆናል።

መጀመሪያ ስሄድ ላቫው (ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ ፈስሶ የቀዘቀዘው ይሄ ጥቁር ድንጋይ) ከፈንታሌ አናት የወረደ መስሎኝ ነበር፣ 2,007 ሜትር ተራራ ፊቴ ቆሞ ሌላ ምን ላስብ፣ ደብተሬም ላይ እንደዛ ብዬ ጻፍኩት። ተሳስቼ ነበር። በ1820 እ.ኤ.አ. አካባቢ የፈሰሰው በደቡብ ጎኑ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተሰነጠቀ መሬት ነው። ይሄን ያወቅኩት አንብቤ ነው፣ የገባኝ ግን በእግሬ ስሄድበት ነው።

እኔን የረዳኝ ከፍሰቱ ጫፍ ተነስቶ ወደ ኋላ መከተል ነው። ጫፉ ላይ ድንጋዩ የተሰባበረ፣ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ነው (በሸራ ጫማ እንዳትሞክሩት፣ የኔ በአንድ ቀን አለቀ)። ወደ ምንጩ ስትጠጉ ግን ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ይበዛል፣ ቀላል፣ ጋዝ ሲወጣ ቀዳዳ በቀዳዳ ያደረገው፣ ትኩስ እያለ ውስጡ ያለው ብረት ከአየር ጋር ተገናኝቶ የቀላ። ወደ ላይ ተተፍቶ እዛው አጠገብ ስለሚወድቅ ይከመርና ኮረብታ ይሰራል፣ ልቅ ስለሆነም ዳገቱ ከ30 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። እና ሬድ አሽ ክምር ካያችሁ ላቫው የወጣበት አፍ ቅርብ ነው ማለት ነው። ይሄ ሲገባኝ ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፣ እዛው ቁጭ ብዬ ደብተሬን እንደገና ጻፍኩት።

ሳር ደግሞ የሚበቅለው ንፋስ አቧራ ያጠራቀመበት ስንጥቅ ውስጥ ብቻ ነው፣ 200 ዓመት ለአፈር ምንም አይደለም።

በ2017 ዓ.ም. እዛው አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥና ሰው ቤቱን ጥሎ ሲወጣ ቅልጥ አለቱ ከስር በስንጥቅ እየገባ ነው ሲባል ወዲያው ያቺ ላቫው የፈሰሰባት ስንጥቅ ትዝ አለችኝ፣ ሰዎቹንም እያሰብኩ ብዙ ቀን ከፋኝ።

ቀጣዩ ጉዞ ጠዋት በማለዳ ነው፣ ፀሐይዋ ከጎን ስትመታው የፍሰቱ እጥፋት ጎልቶ ስለሚታይ ልስለው አስቤያለሁ። ጥቁር ድንጋይ በእርሳስ የሳለ ካለ ጥላውን እንዴት እንደለየው ይንገረኝ፣ የኔ ሁሉ አንድ ጥቁር እየሆነብኝ ነው።