«ምን ተሰማህ?» ሲለኝ ስድስት ወር «ደክሞኛል» አልኩት

ቴራፒስት (በንግግር የሚያክም ባለሙያ) ማግኘቱ፣ ቀጠሮ መያዙ፣ ቅጽ መሙላቱ ቀላል ነበር። ሆዴን እያመመኝ ምርመራው ሁሉ ንጹህ ስለሆነ ነው የሄድኩት።

ከዚያ ያ ጥያቄ መጣ። አባቴ የሞተ ዕለት የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኩት። ማን እንደደወለ፣ ስንት ሰዓት እንደነበር፣ መኪናዬን የት እንዳቆምኩ። «እሺ፣ ምን ተሰማህ?» አለኝ። «ደክሞኝ ነበር።» አልዋሸሁም፤ የነበረኝ ቃል እሱ ብቻ ነው። «እየሸሸህ ነው» አለኝ።

በየሳምንቱ ይኸው ነው። በኋላ ብልጥ ሆንኩ። «አዝኛለሁ» ስል ፊቱ በራ ይላል። ስለዚህ በትዕዛዝ ማዘን ጀመርኩ! አንዳንዴ ቃሉ ሲጠፋብኝ ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ ያያል። ገንዘብ እየከፈልኩ ቲያትር ስሠራ ከረምኩ።

ነገሩ ስም እንዳለው ያወቅኩት ካቋረጥኩ በኋላ ነው፤ አሌክሲታይሚያ። ፒተር ሲፍኒዮስ የተባለ የአእምሮ ሐኪም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከግሪክኛ ያወጣለት ስም ነው፤ «ለስሜት ቃል ማጣት» እንደማለት። በሽታ ሳይሆን ጠባይ ነው። የቶሮንቶ መለኪያ የሚባል 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ። 61 ነጥብና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው፤ እኔ 68 አመጣሁ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ለምን በመጀመሪያው ቀን አልሰጠኝም? ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። እንደኔ ያለ ሰው ከንግግር ሕክምና ብዙ ጊዜ ያነሰ እንደሚጠቀም የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። አንዱ ምክንያት የቴራፒስቱ ስሜት መቀዝቀዝ ነው ይላሉ። ሳነበው ያ ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ ማየቱ ትዝ አለኝ።

ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም። «ጥያቄው አልገባኝም» ለማለት አፈርኩ። እናንተ በመጀመሪያው ቀን በሉት።

ሁለተኛዋ ቴራፒስት «የት ላይ ነው? መቼ ጀመረህ?» ነው ያለችኝ። ይሄንንማ መመለስ እችላለሁ! ሆዴ፣ ወንድሜ ሲደውል። «ሆድ ባሰኝ» የሚባለው ለካ ወድዶ አይደለም።

«ስሜትህን በየቀኑ ጻፍ» የሚለውን ምክር እርሱት። እኔ ሞክሬ ደብተሩ ስለ አየር ጠባይ ብቻ ሆነ። ሰዓቱን፣ የሆነውን ነገር፣ የሰውነታችሁን ቦታ ጻፉ። ቃሉ ዘግይቶ ይመጣል። በሕክምና ነጥቡ ሊወርድ ይችላል፤ የኔም ወርዷል፣ ብዙ ባይሆንም።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ደወለ። ሆዴ ቋጠሮ ሆነ። ስልኩን ዘግቼ «ተናድጃለሁ» አልኩ። ወይ ፈርቼ ይሆናል። ደብተሬ ላይ ሁለቱንም ጻፍኩ።