ያለ አድሚን ፓስወርድ ቴሌግራምን በሥራ ኮምፒዩተር ላይ መጫን

መሥሪያ ቤታችን ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል፤ የእኔ ሥራ በሐይቁ ዙሪያ የሚመዘገበውን የዓሣ ምርት መረጃ አሰባስቦ ማጠናቀር ነው። በዘጌ፣ በቁንዝላ፣ በደልጊና በጎርጎራ ያሉ ባለሙያዎች የዕለቱን የቆሮሶና የአምባዛ ክብደት በመዝገብ ላይ ይጽፉና ገጹን በስልካቸው ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ይልኩልኛል። መዝገቡ ከሚዛኑ አጠገብ ስለሚውል እርጥብ ጣት ያረፈበት ቦታ ቀለሙ ይፈስሳል፤ 3ን ከ8 ለመለየት ምስሉን በስልኬ ላይ እያጎላሁ፣ ዓይኔን ከስልኩ ወደ ኤክሴሉ እያመላለስሁ ወራት አሳልፌአለሁ። ቴሌግራምን በሥራ ኮምፒዩተሬ ላይ የፈለግሁት ለዚህ ነበር።

ኮምፒዩተሩ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት በመሆኑ የአድሚን ፓስወርዱ፣ ማለትም በኮምፒዩተሩ ላይ ለሁሉም የሚሆን ለውጥ ለማድረግ የሚያስፈልገው የኃላፊነት ቁልፍ፣ ያለው በአይሲቲ ክፍል እጅ ነው። የቴሌግራም መጫኛ ነው የተባለ ፋይል ከአንድ ባልደረባዬ ፍላሽ ገልብጬ ስከፍተው ስክሪኑ ጠቆር አለና የአድሚን ፓስወርድ ጠየቀኝ። እንድታስገባልኝ የጠራኋት የአይሲቲ ባለሙያ ግን ፓስወርዱን ከመጻፏ በፊት «ጋሼ፣ ይህን ፋይል ከየት አመጡት?» አለችኝ። ትክክለኛው የቴሌግራም መጫኛ የአድሚን ፈቃድ እንደማይጠይቅ፣ በዚያ ስም መጥቶ ፈቃድ የሚጠይቅ ፋይል ግን ሊጠረጠር እንደሚገባ ነግራኝ ወዲያው አጠፋችው። እስከዚያ ቀን ድረስ ፓስወርድ መጠየቁን የማንኛውም ፕሮግራም ባሕርይ አድርጌ እቆጥረው ነበር።

ነገሩ ፕሮግራሙ በሚቀመጥበት ቦታ ይወሰናል። ፕሮግራም ፋይልስ የሚባለው ፎልደር ኮምፒዩተሩን የሚጠቀሙ ሁሉ የሚጋሩት ስለሆነ እዚያ ለመጫን የአድሚን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ከቀረበው ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ስክሪኑን አጨልሞ የሚጠይቀን መስኮትም ይህንኑ በር የሚጠብቅ ነው። እያንዳንዱ ተጠቃሚ ደግሞ አፕዳታ የተባለ የራሱ ፎልደር አለው፤ ቴሌግራም የሚጫነው እዚህ ስለሆነ የሌላውን ሰው ቦታ አይነካም፣ ፓስወርድም አይጠይቅም። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ከዚህ ፎልደር የሚነሣ ፕሮግራም ጭራሽ እንዳይሠራ ይዘጋሉ፤ እንዲህ ከሆነ መንገድ ከመፈለግ ይልቅ የቴሌግራምን ድረ ገጽ በብራውዘር መክፈት ይሻላል። እኔም ኮምፒዩተሩ ስላልከለከለኝ ብቻ ተፈቅዶልኛል ብዬ አልጫንሁም፤ ለክፍል ኃላፊዬ ምክንያቱን በማስታወሻ ጽፌ፣ ሲፈቀድልኝ ባለሙያዋ አጠገቤ ቆማ ከቴሌግራም ከራሱ ድረ ገጽ አወረድነው።

ከሁሉ ይበልጥ ልጽፍበት የፈለግሁት ግን ከዚህ በኋላ የደረሰብኝን ነው። ቴሌግራም ሳይጫን ከፍላሽ ላይ የሚሠራ፣ ፖርቴብል የሚባል ዓይነትም አለው። በስብሰባ አዳራሹ ኮምፒዩተር ላይ ለመጠቀም ብዬ እርሱን በፍላሼ ላይ አድርጌ፣ በስልክ ቁጥሬ ገብቼ፣ ሥራዬን ከጨረስሁ በኋላ መስኮቱን ብቻ ዘግቼ ወጣሁ። በሳምንቱ አንድ ባልደረባዬ ሪፖርት ሊያሳትም ፍላሹን ተውሶ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደ። ፋይሉን ሲፈልግ የቴሌግራሙን ምልክት በስሕተት ቢነካው የእኔ መልእክቶች በሙሉ፣ ከባለቤቴ ጋር የተጻጻፍሁት ጭምር፣ በማያውቁኝ ሰዎች ፊት ተዘረገፉ። አዲስ ሰው ሲገባ የሚላከውን የመግቢያ ኮድ አልተጠየቀም፤ ከኮዱ በተጨማሪ እንዲጠየቅ ያበጀሁት የሁለተኛ ደረጃ ፓስወርድም አላስቆመውም። ልጁ ደንግጦ ወዲያው ዘግቶ መጥቶ ነገረኝ፤ ስለ ቅንነቱ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

የሆነው እንዲህ ነው፦ ከፕሮግራሙ ጎን ቲዳታ የሚባል ፎልደር ይፈጠራል፣ አንድ ጊዜ የገባንበት ፈቃድም እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። ፎልደሩን የያዘ ሰው ፈቃዱን ስለያዘ እንደ አዲስ ሰው አይጠየቅም። መፍትሔው በግላዊነት ቅንብር ውስጥ የሚገኘውን የመክፈቻ ኮድ ማብራት ነው፤ ይህ ኮድ ሲበራ በፎልደሩ ያለው መረጃ ስለሚመሰጠር ኮዱን ለማያውቅ ሰው አይከፈትም። ኮዱ አጭርና ቀላል ከሆነ ግን ብዙም አይረዳም። ብዙ ሰው በሚቀመጥበት ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ በብራውዘር መግባትና ሲጨርሱ ከአካውንቱ መውጣት ይበልጣል፤ መስኮቱን መዝጋት ብቻውን መውጣት አይደለም።

የዚያን ዕለት በስልኬ ቅንብሮች ውስጥ መሣሪያዎች የሚለውን ስከፍት አካውንቴ በስድስት ቦታ ክፍት ሆኖ አገኘሁት፤ አንዱ ከሁለት ዓመት በፊት የለቀቅሁት ቢሮ ኮምፒዩተር ነበር። የማያስፈልጉትን አንድ በአንድ አቋረጥሁ። አሁን ዘወትር ዓርብ ከቢሮ ከመውጣቴ በፊት ዝርዝሩን አያለሁ፤ ባለፈው ዓርብ የነበሩት ስልኬና የቢሮዬ ኮምፒዩተር ብቻ ናቸው።