ዛሬ ቶማሃውክ ገዛሁ
ለሸናንዶዋ ካምፒንጋችን ቶማሃውክ (የሚወረወር ትንሽ መጥረቢያ) ልመርጥ ሱቅ ገብቼ አንድ ሰዓት ቆየሁ። ስሙ ራሱ የመጣው እዚሁ ቨርጂኒያ ከነበሩት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ ከፖውሃታኖች ቋንቋ ነው።

ሙሉ ብረት የሆነው ዓይኔን ስቦት ነበር። ግን ሲመቱበት ንዝረቱ እጅ ላይ ይቀራል። የሂክሪ እንጨት ዛቢያ ያለውን ወሰድኩ። አባቴ ዶማ ሲሰካ እንደማውቀው፣ ዛቢያው ከላይ ገብቶ ወፍራሙ ጫፍ ላይ ጥብቅ ይላል። በውርወራ ዛቢያ ይሰበራል፤ ይሄን ግን ጫካ ውስጥም መቀየር ይቻላል።

አደን የሚወጣ ጓደኛዬ ቀጭን ስለት ምረጥ ብሎኝ ነበር። ሥጋ ለመበለት ልክ ነው። ለውርወራ ግን ቀጭን ስለት ቶሎ ይሸረፋል።

ከሰዓት ጓሮ ግንድ ላይ ሞከርኩት። ከ4 ሜትር ገደማ አንድ ዙር ዞሮ ስክት! ደስ ሲል! ልጆቹን ከኋላዬ ራቅ አድርጌ ነው ያቆምኳቸው።