አንድ አዳራሽ፣ ሁለት ብርሃን፦ ፎቶና ቅርጻ ቅርጽ ይዞ ጎንደር

ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወረታን፣ አዲስ ዘመንን፣ ማክሰኚትን አልፈን አዘዞ ስንደርስ ተጓዡ «ገባን» አለ። ፎቶና ቅርጽ የጫነ ሰው ግን ሳጥኑ ተከፍቶ ሳያይ ገባሁ አይልም።

ጭነቱ 24 ፎቶግራፍና 9 ቅርጻ ቅርጽ ነበር፤ ያንድ ፎቶ አንሺና ያንድ ቀራፂ የጋራ ዐውደ ርእይ። ፎቶዎቹ ቆመው እንጂ ተጋድመው አልተጫኑም። የተጋደመ መስታወት የመንገዱን ንዝረት መሐሉ ላይ ተቀብሎ ይሰነጠቃል። ሁለት ሁለቱ ፊት ለፊት ሆነው በመካከላቸው ወፍራም ካርቶን ይገባል። በእንጨት ቅርጽ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ላስቲክ አጥብቀው ሲጠቀልሉ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሣ ዕቃ የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል፤ በሙቀቱ ከእንጨቱ የወጣው እርጥበት ላስቲኩ ውስጥ ታፍኖ ይቆይና ደጋው ላይ ሲበርድ ጠል ይሆናል። ሰም የተቀባው ገጽ ያን ጊዜ ነጭ ነጭ ያወጣል። መጀመሪያ አቡጀዲ፣ ቀጥሎ ስፖንጅ፣ ከዚያ ሳጥን ይበቃል። ሳጥኑም እንደደረሰ አይከፈትም፤ አዳራሹ ውስጥ አንድ ሌሊት ያድራል።

አዳራሹ ፒያሳ አካባቢ፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ አሮጌ ቤት ነው። ድሪል ስናወጣ አናፂው ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ ግድግዳ ምስማር አይወድም» አለኝ። ልክ ነው። ልስኑ ስላረጀ ፊሸሩ (ምስማሩን የሚይዘው ፕላስቲክ) ከነአቧራው ተነቅሎ ይመጣል። ቅርስ የሆነ ግንብማ መብሳቱ ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ 122 በ244 ሴንቲ የሆነውን ኮምፐልሳቶ ሁለት ሁለት አድርገን፣ እንደተከፈተ መጽሐፍ በማእዘን አቆምነው፤ በጀርባው እግሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት ጫንበት። በማእዘን የቆመ ሰሌዳ ሰው ቢደገፈውም አይወድቅም፤ ቀጥ ብሎ የቆመው ግን ይወድቃል። የፎቶው መሐል ከወለል 150 ሴንቲ ላይ ይውላል። ይህ ከፍታ አንዴ ከተያዘ በኋላ ሌሎቹ ፎቶዎች በውሃ ልክ ይስተካከላሉ እንጂ እያንዳንዳቸው ከወለሉ አይለኩም፤ የአሮጌ ቤት ወለል ይዘምማል።

ፎቶና ቅርጽ የሚጣሉት በብርሃን ነው። ፎቶ ከላይ ወደ 30 ዲግሪ ዘንበል ብሎ የሚወርድ፣ ዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ ብርሃን ይፈልጋል። ቅርጽ በእኩል ብርሃን ይሞታል፤ ከአንድ ጎን የሚመታው ጠንካራ መብራት፣ በሌላው ጎን ጥላውን ትንሽ የሚያለዝብ ደካማ መብራት ያሻዋል። ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ስታስገባ የቅርጹ መብራት ፊት ለፊት ያለው ፎቶ መስታወት ላይ ያበራል፣ የቅርጹም ጥላ ከኋላው ባለው ምስል ላይ ያርፋል። ለሁለተኛው መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ቅርጹን ከሰሌዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ማራቅ። ለመጀመሪያው በቅርጾቹ ትይዩ የሚሰቀሉትን ፎቶዎች በማያብረቀርቅ ወረቀት አትሞ ያለ መስታወት መስቀል ነው። መስታወት የግድ ከሆነ ፎቶው እንዳይነካው ጠርዙ ላይ የካርቶን ክፈፍ ይግባ፤ በክረምቱ እርጥበት የተጣበቀ ፎቶ ሳይላጥ አይለቅም።

መስኮቱም ሌላ ጉድ አለው። በአውሮፓ የተጻፉ መመሪያዎች ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፀሐይ አያስገባም ይላሉ። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። በግንቦት ደረቅ ቀን የሰሜኑ መስኮት ያለ መጋረጃ ከተተወ የፎቶው ቀለም ይለቃል።

ይህን የብርሃን ጠብ ለማየት ፋሲል ግንብ ይበቃል። በቀትር ብትገባ ድንጋዩ ሁሉ አንድ ወጥ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ግን እያንዳንዱ ጥርብ የራሱን ጥላ ይዞ ይነሣል፤ እቴጌ ምንትዋብ ግንብ ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጸው መስቀልም ያኔ ነው የሚታየው። ቀራፂው መብራቱን የት እንደሚያቆም እዚያ ቆሞ ወሰነ። ለፎቶ አንሺው ደግሞ፦ ግንቡን ከቅርብ በሰፊ ሌንስ ቀና ብሎ ማንሳት ማማዎቹን ወደ ውስጥ ያጋድላቸዋል። ግቢው ሰፊ ነውና ወደ ኋላ መራቅ ይሻላል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተቃራኒው ነው። ጣራውን የሞሉት የመላእክት ፊቶች የሚታዩት በደብዛዛ ብርሃን ነው፤ ፍላሽ አይፈቀድም፣ ባይከለከልም አያስፈልግም። እዚያ የተነሣ ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ያምራል፣ ታትሞ ሲሰቀል ይጠቁራል፤ ስክሪን ራሱ ያበራል፣ ወረቀት ግን የሚያሳየው ያረፈበትን ብርሃን ብቻ ነው። ሙሉውን ከማሳተም በፊት ከምስሉ ጠባብ ቁራጭ በሦስት ዓይነት ድምቀት አሳትሞ አዳራሹ መብራት ስር ማየት ብዙ ገንዘብ ያድናል።

የቤተ እስራኤላውያን መንደር የነበረችው ወለቃ በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ናት። ቤተ እስራኤላውያኑ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ቢሄዱም ጥቁር የሸክላ ምስሎቹ ዛሬም ይሸጣሉ። ሸክላ በሜዳ እሳት ሲተኮስ የሚፈነዳው ውስጡ ሳይደርቅ ሲቀር ነው፤ የታፈነው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይገፋዋል። ስለዚህ ትልቅ ምስል ውስጡ ባዶ ሆኖ ውፍረቱ እኩል ይሠራል። በዝቅተኛ ሙቀት የበሰለ ሸክላ ተሰባሪ ነውና በአንገቱ ወይም በክንዱ አይነሣም፤ በሁለት እጅ ከሥሩ ነው። ትልቁን ስሕተት ግን የእንጨቱ ቀራፂ ላይ ነው ያየሁት፦ ዋንዛውን ሳይደርቅ ቀርጾት ከልቡ ጀምሮ ተሰንጥቋል። ከጀርባ በኩል ልቡን ፈልፍሎ አውጥቶ፣ የተቆረጡትን ጫፎች በሰም ቢደፍናቸው ኖሮ ቀስ ብሎ ይደርቅ ነበር።

ወደ አዳራሹ ስንመለስ፣ 20 ሴንቲ የማይሞሉ ቅርጾች ትልቅ ፎቶ ፊት ከቆሙ ይጠፋሉ፤ ከጎኑ፣ 120 ሴንቲ ከፍታ ባለው መቆሚያ ላይ አደረግናቸው። መቆሚያው ባዶ ሳጥን ስለሆነ ውስጡ አሸዋ ገባ፤ የቅርጹም ሥር በጥቂት ሰም ተያዘ። በመቆሚያዎቹ መካከል ከአንድ ሜትር በታች ከሆነ ነጠላ የለበሰ ሰው ሲዞር ጠርዙ ይጎትታል።

መብራት የሚስተካከለው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሁሉም ቦታውን ሳይዝ የተሠራ መብራት ድካም ብቻ ነው። አንዱ መሰላሉ ላይ ሆኖ ያዞራል፣ ሌላው ተመልካች የሚቆምበት ቦታ ቆሞ «ወደ ግራ፣ ትንሽ ዝቅ፣ በቃ» ይላል። 30 አምፖል እንዲህ ስናዞር አራት ሰዓት ሄደ፤ በመካከሉ መብራት ሁለቴ ጠፋ።