የእንጎቻዋ ነገር

በቀደም የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ምሳ ላይ ክርክር ይዘው ነበር። አንዱ «ጿሚ ሰው አይከዳህም» አለ። ሌላዋ ደግሞ «እኔን የካዱኝ በሙሉ ጿሚዎች ናቸው» አለችው። ሁለቱም የደረሰባቸውን ነው የሚያወሩት። እኔ ዝም ብዬ በላሁ። የጾምና የደግነት ነገር በተነሳ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አንድ ነገር ነው። አንዲት እንጎቻ።

1996 ዓ.ም. ነው፣ ሁዳዴ። 12 ዓመቴ ነበር፤ ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው። ያን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ 55ቱንም ቀን ልጾም ቆርጬ ተነሳሁ። ከዚያ በፊት የምጾመው ፍልሰታን ነበር፤ እሱን የሰፈር ልጅ ሁሉ ስለሚጾመው አይከብድም። ሁዳዴ ግን የትልቅ ሰው ጾም ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሆዴ ይጮሃል፤ ኩራቱ ግን ያጠግበኛል።

እናቴ በሰፈሩ የታወቀች ጿሚ ናት። ሰባቱም አጽዋማት አያመልጧትም። በሁዳዴ እኩለ ቀን ሳይሆን ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ትወጣለች፤ የምትመለሰው ቅዳሴ ሲያበቃ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው። እስከዚያ ውሃ እንኳን በአፏ አይዞርም።

ከገጠር የመጣች ሠራተኛ ነበረችን። የጎጃም ልጅ ናት፣ ቢበዛ 16 ዓመት ቢሆናት ነው። ውሃ የሚመጣው በሌሊት ስለነበር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስታ ጀሪካን ትሞላለች፤ ከዚያ ምጣድ ትጥዳለች። ቤት መወልወሉ፣ ልብሱ፣ የእኔን ምሳ ዕቃ ማጠቡ ሁሉ የእሷ ነው። እሷም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾም ነበር። ትጾሚያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። ቤቱ ይጾማል፤ እሷም የቤቱ ናት።

ከደብረ ዘይት በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ቀን ትምህርት ቤት በጊዜ ተለቀቅን። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ማድ ቤት ስገባ ልጅቷ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ምጣዱ ሥር ቁጢጥ ብላለች። እጇ ላይ እንጎቻ አለ። ትኩስ ነው፣ እንፋሎቱ ይታያል። ጫፍ ጫፉን እየቆረሰች ሳታኝክ ነበር የምትውጠው። ወጥ የለም፣ አዋዜ የለም፣ ባዶውን። ዞር ስትል አየችኝ። የቀረውን በቀሚሷ ሸፈነችው። «እሙዬ፣ በሞቴ ለእትዬ አትንገሪብኝ» አለችኝ። አገጯ ላይ ፍርፋሪ ነበር።

ነገርኩባት። እናቴ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ በር ላይ። ማንም ሳይጠይቀኝ። ክፋት አልመሰለኝም ነበር። እኔ ተርቤ እየዋልኩ እሷ እንዴት ትበላለች የሚል ነገር ነበር ልቤ ውስጥ። ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

እናቴ አልመታቻትም። አፏ ግን ከዱላ ይብስ ነበር። «በጌታ ጾም! በእኔ ቤት!» እያለች ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸችባት። የሦስት ወር ደሞዟም እናቴ እጅ ነበር፤ በወር 60 ብር። «ከሰጠኋት ትጠፋብኛለች» ትል ነበር ሁልጊዜ። ያን ቀን ደግሞ «ፋሲካ እስኪመጣ አንዲት ሳንቲም አታዪም» አለቻት። ከዚያ እጇን ታጥባ፣ በስመ አብ ብላ አማትባ፣ ልጅቷ ያቀረበችላትን ሽሮ በላች።

ይህን የሰማ ሰው ቶሎ ብሎ «ግብዝ ናት» ይላል። እኔ አልስማማም፤ ልጇ ስለሆንኩም ብቻ አይደለም። እናቴ ሰው እንዲያያት አትጾምም። ሌሊት ለሽንት ስነሳ በጨለማው ውስጥ ብቻዋን ስትሰግድ አይቻታለሁ። ጉልበቷ ወለሉን ሲነካ ቀስ ያለ ድምፅ ነበረው። እንባዋም ከልብ ነበር። ግብዝ ብትሆን ነገሩ ይቀለኝ ነበር። እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ ከልቧ እየጾመች ከአጠገቧ ያለችውን ልጅ አለማየቷ ነው። አሁን ሳስበው፣ ለእግዚአብሔር ያለባትን ዕዳ በየቀኑ ከፍላ ስለምትገባ ለልጅቷ ያለባት ዕዳ አይታያትም ነበር። 180 ብር። መሶቡ ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ የተቀመጠ።

ቅዳሜ ቀን የንስሐ አባታችን መጡ። ቅዳሜና እሑድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማይጾም ቡና ተፈልቷል። ልጅቷ ማስታጠቢያ ይዛ ውሃ ስታፈስላቸው እጇን አዩት። አይበሉባዋ በምጣድ ተቃጥሎ ውሃ ቋጥሯል። «በላሽ ወይ ልጄ?» አሏት። አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። እሳቸውም ዝም አሉ። ከዚያ እናቴና እሳቸው ጓዳ ገብተው በሩ ተዘጋ።

እዚያ ውስጥ የተባለውን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እናቴ ራሷ ነገረችኝ። ኃጢአቷን ተናዝዛ ስትጨርስ እንደ ሁልጊዜው ስግደት ጠብቃ ነበር። «መቶ ስገጂ ቢሉኝ እሰግድ ነበር» አለችኝ። እሳቸው ግን በክርስትና ስሟ ጠርተው «ስግደቱ ይቅርብሽ፤ ጉልበትሽ ለምዶታል» አሏት። ቀኖናዋ ሁለት ነገር ሆነ። የልጅቷን ደሞዝ ከሆሣዕና በፊት በእጇ ቆጥራ እንድትሰጣት። እስከ ፋሲካ ድረስ ደግሞ እንጀራውን ራሷ እንድትጋግር። ሲወጡ «ኢሳይያስ 58ን አንብቢው» ብለዋት ሄዱ።

ሕዝቡ «ጾምን፤ ታዲያ ለምን አላየኸንም?» ብሎ እግዚአብሔርን የሚጠይቅበት ምዕራፍ ነው። መልሱ ሩቅ አይደለም፣ እዚያው ሦስተኛው ቁጥር ላይ ነው። በጾማችሁ ቀን ፈቃዳችሁን ታደርጋላችሁ፣ ሠራተኞቻችሁንም ታስጨንቃላችሁ ይላቸዋል። እናቴ ይህን ስንት ጊዜ ሲነበብ ሰምታለች። «ሠራተኛ» ሲባል ማድ ቤት ያለችው ልጅ ናት ብላ ግን አስባ አታውቅም።

ብሩን ሰጠቻት። ፊቷ ጠቁሮ ነበር፣ ግን ሰጠቻት። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ራሷ ተነስታ ጋገረች፤ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ዓይናቸው ጠፍቶ ተለጣጠፉ። ልቧ ተለውጦ ነበር ወይ? አይመስለኝም። ቀኖና ስለሆነ ነው ያደረገችው። እዚህ ላይ ነው እኔ «ጾም ጸሎት ዋጋ የለውም፣ ዋናው ልብ ነው» ከሚሉት ጋር የምለያየው። ልቧን ብንጠብቅ ኖሮ ልጅቷ ደሞዟን ዛሬም አታገኝም ነበር። ሥርዓቱን አክባሪ ስለሆነች፣ የንስሐ አባቷን ቃል መጣስ ስለምትፈራ፣ ደሞዙ ተከፈለ።

ልጅቷ በፋሲካ ማግስት ሄደች። ሳትሰናበት። እናቴ «ይኸው፣ አላልኩም?» አለች። ብዙ ቀን ከፍቷት ሰነበተች። ግን አንድ ነገር ቀረ። ከዚያ በኋላ በቤታችን ያለፉት ሠራተኞች ሁሉ ደሞዛቸውን ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ተቀብለዋል። እናቴ ብር ተበድራም ቢሆን ትከፍል ነበር። መጀመሪያ ቀኖና ነበር፣ ቆይቶ ልማድ ሆነ። አሁን እንደዚያ ካላደረገች እንቅልፍ አይወስዳትም። ደግነት እንደዚህ ከእግር ወደ ላይም ሊገባ ይችላል እንዴ እላለሁ አንዳንዴ።

እኔ ዛሬ መርካቶ አንድ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ሙስሊም ነው። ረመዳን ሲመጣ ካልኩሌተሩን አውጥቶ ዘካውን ያሰላል። ዓመት የዞረበት ገንዘቡ ከ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ካላነሰ 2.5 በመቶውን ያወጣል። አንድ ዓመት «እንዴት ደግ ሰው ነህ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «ደግነት እኮ አይደለም። የድሃ ሐቅ ነው። ባልሰጥ የሰው ገንዘብ ይዣለሁ ማለት ነው» አለኝ። መሶቡ ሥር የነበረው ፌስታል ታየኝ። ይህ ሰው እንደ ማንኛችንም ይቆጣል፣ ያኮርፋል። ገንዘቡ ግን በእሱ ስሜት ላይ አልተንጠለጠለም። የሚቀበሉት ሰዎች የእሱ ቀን ጥሩ እስኪሆን መጠበቅ የለባቸውም።

ስለዚህ ጾም ሰውን ደግ ያደርጋል ወይ ብትሉኝ፣ የምመልሰው ለያይቼ ነው። ያ በሁዳዴ የጠገብኩት ኩራት ደግ አላደረገኝም። እንዲያውም ያን እንጎቻ ያየሁት ሳልጾም ቢሆን ኖሮ አልናገርም ነበር ብዬ አምናለሁ። ጾሙ ያስተማረኝ የሰው አፍ መቁጠር ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ የጾም ኬክና የጾም ፒዛ እየበላን፣ ምግቡ ቅቤ ይኑረው አይኑረው አስተናጋጁን ስንመረምር ያው ነገር ይታየኛል። አስተናጋጁ ራሱ ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

አምና፣ ከሕማማት በፊት፣ ንስሐ ገባሁ። የእንጎቻዋን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገርኩ። የድሮው የንስሐ አባታችን አርፈዋል፤ የአሁኑ ወጣት ቄስ ናቸው። ልጅነቴ ነው ብለው ያልፉታል ብዬ ነበር። አላለፉትም። «እሷን አሁን ማግኘት ካልቻልሽ በጸሎት አስቢያት። የክርስትና ስሟን ንገሪኝና እኔም በቅዳሴ ላስባት» አሉኝ።

አፌ ተያዘ። የማውቀው ቤት ውስጥ የምንጠራትን ስም ነው። እሱንም እናቴ ናት ያወጣችላት፤ የገጠር ስሟ አፏ ላይ አልገባ ስላላት። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ በሩ ላይ ቆሜ ለእናቴ ደወልኩ። የክርስትና ስሟ ማን ነበር አልኳት።

እናቴ ብዙ ቆየች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ?» አልኩ።

«አልጠየቅኋትም» አለች።