ስልሳ ሦስት ኪሎ ሽቦ በፊሸር የሰቀልኩ ሰው ማስታወሻ

ይህን የምጽፈው የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ለሚሠሩና እንደ እኔ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ለዕቃ ለለዩ ሰዎች ነው። እኔን ያስጠነቀቀኝ አልነበረም፤ ወይም ነበረ፣ አልሰማሁትም።

ክፍሏ ገርጂ ውስጥ ናት። ግድግዳዋ ብሎኬት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። ለዓመታት ከየሥራው የተረፈኝን ሽቦ በማዳበሪያ ከረጢት እየከተትኩ ጥግ ላይ ስከምር ኖርኩ። ባለ 2.5 ስፈልግ ባለ 1.5 ይወጣል (ቁጥሩ የመዳቡ የተቆረጠ ፊት ስፋት ነው፣ በካሬ ሚሊ ሜትር)። ፈልጌ ያጣሁት ደግሞ መርካቶ ሄጄ አዲስ ከገዛሁ በኋላ ከከረጢቱ ሥር ይገኛል። አንድ ቅዳሜ ሁሉንም ዘርግፌ ብቆጥር ሃያ ሁለት ጥቅል ሆነ። አራቱን ጨርሶ መግዛት አልነበረብኝም።

መለየቱ ግማሽ ቀን ፈጀ። ሙያውን ስንማር በቀለም ለይታችሁ አስቀምጡ ተብለናል። እኔ ግን በውፍረት ለዩ እላለሁ። ቀለም ስትሳሳቱ ዓይናችሁ ይነግራችኋል፤ ለምጣድ መስመር በባለ 4 ፋንታ ባለ 1.5 ስትጎትቱ የሚነግራችሁ ሽታው ነው። ቀለሙም ቢሆን አያስተማምንም፤ ሰማያዊ በአሮጌው የእንግሊዝ ልማድ ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) ነበር፣ ዛሬ በአውሮፓ ኒውትራል (መመለሻው) ነው። በላዩ የተጻፈውን ቁጥርም አትመኑ፣ የመዳቡን ውፍረት በካሊፐር፣ ማለትም በውፍረት መለኪያ፣ ለኩት። ባለ 2.5 የሆነ ነጠላ መዳብ 1.78 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ባለ 1.5 ደግሞ 1.38 ገደማ ይወፍራል። በ2.5 ዋጋ የተሸጠልኝ አንድ ጥቅል 1.6 ወጣ። ለመብራት አዋልኩት፤ ሻጩን ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

የቀረውን ሜትር ለማወቅ ሽቦ መዘርጋት አያስፈልግም። አዲስ 100 ሜትር ስትገዙ መዝኑና ኪሎውን ጻፉበት፤ በኋላ ስትመዝኑት ግማሽ ከሆነ 50 ሜትር ቀርቷል። እኔ ሃያ ሁለቱንም አንድ በአንድ መዝኜ በካርቶን ቁራጭ ጽፌ አሰርኩባቸው። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ጥፋቱ የመጣው ስሰቅላቸው ነው። በቪዲዮ ያየሁት የባለሙያ ክፍል ሁሉ ጥቅሎቹን በብረት ዘንግ ደርድሮ ግድግዳ ላይ አንጠልጥሏል። አማረኝ። ሁለት ሜትር የውሃ ቧንቧ ገዛሁ፣ ሰፈራችን ካለው ብረት ሠሪ ዘንድ መያዣ አስበየድኩ። እሱ እየበየደ፣ "ወንድሜ፣ ይህ ነገር እግር አያስፈልገውም?" አለኝ። "ሽቦ እኮ ነው፣ ሲሚንቶ አይደለም" ብዬ ሳቅኩበት።

ግድግዳውን በድሪል ስበሳ ጫፉ ጥቂት ገባና ድንገት ባዶ ቦታ ላይ ዘለለ። ራሴን ይቅር የማልለው እዚህ ላይ ነው። የብሎኬት ሆድ ባዶ መሆኑን የማያውቅ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የለም፤ ሶኬት ስንቀብር የምንውለው እዚያው ውስጥ ነው። እጄ ነገረኝ፣ እኔ ግን ባለ 8 ፊሸር (ቪቴ የሚነክስበትን የፕላስቲክ መሰኪያ) ከትቼ ቪቴውን አጠበቅኩ። በእጄ ወዝወዝ ባደርገው አልተነቃነቀም። ደስ ብሎኝ ፎቶ አነሳሁት።

አሥራ አንድ ቀን ቆየ። በአሥራ ሁለተኛው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቤቱ የተናደ ያህል ጮኸ። አከራዬ እትዬ ነጠላቸውን ተከናንበው ዱላ ይዘው ወጡ።

"ሌባ ነው ልጄ?"

"አይደለም እትዬ፣ ሽቦ ነው።"

"ሽቦ እንዲህ ይጮኻል?"

በባትሪ አብርተው የግድግዳቸውን ቀዳዳ ሲያዩ ዱላውን ወዲያው አላስቀመጡትም።

በነጋታው በካርቶኖቹ ላይ የጻፍኩትን ደመርኩ። 63 ኪሎ! በ100 ሜትር ባለ 2.5 ውስጥ ያለው መዳብ ብቻውን ከ2 ኪሎ ይበልጣል፤ ባለ 4 ከሦስት ተኩል ያልፋል። ቁጥሩ ሁሉ በገዛ እጄ ተጽፎ ዓይኔ ሥር ነበር። ሜትሩን ለማወቅ መዘንኩ እንጂ ኪሎውን ልደምር አላሰብኩም።

እስከዚህ ያለው ያስቃል። የማያስቀው ጥቅሎቹን ሳልፈትሽ አቧራቸውን አራግፌ ማንሳቴ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱን ቀይ ባለ 2.5 አያት አካባቢ ለአንድ ደንበኛ ወጥ ቤት ዘረጋሁት። ሞከርኩት፣ ሠራ። በሦስተኛው ቀን ተደወለልኝ፤ ብሬከሩ እየወረደ አስቸግሯል። መጀመሪያ በማቀዝቀዣው አመካኘሁ። ቀጥሎ በብሬከሩ አመካኝቼ አዲስ ገዛሁ። እሱም ወረደ። ሊመሽ ሲል ማከፋፈያውን ከፍቼ ሽቦው በብረት ሳጥኑ ጠርዝ የሚገባበትን ሳይ፣ የጥፍር ያህል ቦታ ሽፋኑ ተገምጦ መዳቡ ወጥቷል፤ ዙሪያው ጠቁሯል። ሲወድቅ የመያዣው ብረት ማዕዘን ያረፈበት ነው።

"ምን ነበር?" አሉኝ ጋሼ፣ ደንበኛዬ።

"የፋብሪካ ስህተት ነው" አልኳቸው።

መስመሩን በሙሉ በራሴ ወጪ አውጥቼ እንደገና ጎተትኩ፤ ውሸቱን ግን አላወጣሁትም፣ እዚያው ቀረ። ሂሳባቸውን ሲከፍሉኝ ስለ ታማኝነቴ አመስግነውኛል።

የወደቀ፣ ከባድ ነገር ያረፈበት ወይም አይጥ ያለበት ቤት የከረመ ጥቅል ካላችሁ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በስስ ጨርቅ በመዳፋችሁ ውስጥ አሳልፉት። ጨርቁ የሚይዝበት ቦታ ላይ ቁረጡ። ለ100 ሜትር ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ጥቅሎቹ ያሉት በአንግል ብረት መደርደሪያ ላይ ነው። እግር አለው፤ ክብደቱ ወለሉ ላይ ያርፋል፣ ግድግዳው የሚይዘው እንዳይጋደም ብቻ ነው። ባለ 16ቱ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ። ከመስኮቱ አርቄዋለሁ፣ ፀሐይ ሽፋኑን ያደርቀዋል። ያለ መንኮራኩር (መጠምጠሚያ) በክብ የሚሸጠውን ሽቦ ደግሞ በጎን እየመዘዛችሁ አታውጡ፤ እያንዳንዱ ዙር አንድ ጥምዝ ይሰጠዋል፣ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ይቋጠራል። ጥቅሉን ራሱን አሽከርክሩት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለጥምጣም ቢሆንም ለእኛም ይሆናል። መንኮራኩሮቹን ከጣውላ ቆርጬ የሠራኋቸው ራሴ ነኝ፤ በእነሱ እኮራለሁ።

መደርደሪያውን የበየደልኝ ያው ብረት ሠሪ ነው። እግሮቹን ሲለካ ምንም አላለም፤ ዋጋውን ግን አልቀነሰልኝም። የግድግዳው ቀዳዳ እስካሁን አልተደፈነም። እትዬ የወር ኪራያቸውን ቆጥረው ሲጨርሱ ቀና ብለው ያዩታል፣ ከዚያ እኔን ያዩኛል።